ከአጥሩ ጀርባ ያለው መዘውር

ኤርሲሊያን የሚያናድዳት ጎብኚው ብቻ ቢሆን ኖሮ በቻለችው ነበር። ጎብኚ ምን ያደርጋል? ሎሚ ይቀጥፋል፣ የዲያና ሐውልት ጭን ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል፣ ስለ ጣሪያው ሥዕል አፏ እስኪደርቅ ስታስረዳው ቆይታ «ሽንት ቤቱ በየት ነው?» ይላል። ይሄን ለምዳዋለች። ከኢጣሊያዋ ሉካ ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ያለውን ቪላ ካልቬሊን ስታስጎበኝ ነው ፀጉሯ የሸበተው፤ ሎሚ ቀጣፊውን ከጀርባው አይታ ትለየዋለች። አንጀቷን የሚያሳርራት ሌላ ነው። የገዛ ባሏ፣ ዱዊሊዮ።

ዱዊሊዮ የውሃው ሰው ነው። በታችኛው የአትክልት ስፍራ፣ እንደ ግድግዳ ተስተካክሎ ከተከረከመው አጥር ጀርባ፣ ውሃውን የሚከፍት አንድ የብረት መዘውር አለ። ከአጥሩ ፊት ለፊት ደግሞ ጠጠር የተነጠፈበት ክብ ቦታ አለ፤ በጠጠሩ መካከል ካልነገሩህ የማታያቸው ቀዳዳዎች ተቀብረዋል። እንግዳው ክቡ ላይ ይቆማል። ኤርሲሊያ የቪላው የድሮ ጌታ ስለነበረው ማርኬዝ ግብዣ ትተርካለች። «ማርኬዙም ብርጭቆውን አነሳና፣ እንግዶቼ፣ ጠማችሁ? አለ» ትልና ፈቀቅ ብላ ነጭ መሐረቧን ታነሳለች። ዱዊሊዮ በአጥሩ ቅጠል ክፍተት አይቶ መዘውሩን ይጠመዝዛል፤ ውሃው ከእግራቸው ሥር ፊን ብሎ ይወጣል። ከቅድመ አያት የመጣ ቀልድ ነው። በዚህ አገር በማርኬዙ ውሃ ረጥቦ የሚቆጣ ሰው እሱ ራሱ ነውረኛ ይባላል። የማይነኩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቄስና የቤቱ ባለቤት።

ባለፈው ወር ታዲያ ቄሱ ረጠቡ። አባ ኢላሪዮ ለክርስትና ከመጡ ሰዎች ቀድመው ክቡ ላይ ብቻቸውን ቆመው ሳለ፣ ኤርሲሊያ ገና ደረጃው ላይ ጆሮዋ ለከበደ አንዲት ባልቴት ታሪኩን ጮክ ብላ እያወራች ሳለ፣ ማንም ምልክት ሳይሰጥ፣ ውሃው ቀሚሳቸውን ገልቦ እስከ አንገታቸው አጠባቸው።

«ምልክት ሰጥተሻል» አለ ዱዊሊዮ።

«መሐረቡ ኪሴ ውስጥ ነበር እኮ፣ አንተ ሰውዬ።»

«ሰጥተሻል አልኩ።»

ይኸው ነው መልሱ። ሲደርቅ እንዲህ ነው፤ በቅሎ ይሻላል፣ በቅሎስ ሲመቷት ትሄዳለች።

ወሬው ሲኞር ኮራዶ ጆሮ ደረሰ። ኮራዶ ቪላውን ካክስቱ የወረሰ፣ ክፋት የሌለው ግን ሁሉን ነገር በማሽን ማሠራት የሚወድ ሰው ነው። «ሰው ሲረግጠው ራሱ የሚከፍት መሣሪያ አለ» አላት ለኤርሲሊያ። «እሑድ ወዳጆቼን ይዤ እመጣለሁ። ዱዊሊዮ እንደ ድሮው ከሠራ ጥሩ። ካልሆነ ግን መዘውሩን አስነቅለዋለሁ።»

መዘውሩን መንቀል ማለት ዱዊሊዮን መንቀል ነው። ከአባቱ እጅ የተቀበለው ሥራ ነው፤ ከሱ ሌላ አንድም ነገር በጉራ ሲያወራ ተሰምቶ አይታወቅም።

ኤርሲሊያ ነገሩ ከገባት ቆይቷል። ዓይኑ ነው። ወይን ሲቀዳ ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ጎረቤቱን አልፎ ሄዶ ለጥዱ ዛፍ ደህና ዋል ይላል። የዓይን ሞራ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ተቀዶ የዳነ ደግሞ በየመንደሩ ሞልቷል። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። «ዓይኔ የጭልፊት ነው» ይላል፣ መነጽር መስሎት ቆርኪ መክፈቻ ከመሳቢያ አውጥቶ እየዳበሰ።

«ይሄ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሰምቶኝ አያውቅም» ትል ነበር ለእህቷ። «ከግድግዳ ጋር ነው የኖርኩት።»

እሑድ ጠዋት የመጨረሻ ሙከራዋን አደረገች።

«ዛሬ መሐረቡን ልቀይረው። ቀዩን የጠረጴዛ ልብስ ላንሳልህ» አለችው።

«ቀይ? እኔ በሬ ነኝ?»

«እሺ፣ ኡሁ ኡሁ ብዬ ላስልልህ።»

«እንዲያ ከሆነ ደወል አንገትሽ ላይ እሰሪ። እኔ ሥራዬን አውቃለሁ፣ አንቺ የራስሽን እወቂ።»

ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ፤ ሲወጣ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። መቃኑን ረገመው። ኤርሲሊያ ቀዩን የጠረጴዛ ልብስ አጣጥፋ ከብብቷ ሥር ሸጎጠች።

የኮራዶ ወዳጆች አይጣል ነበሩ። አንደኛዋ ሐር ጫማ አድርጋ መጥታ ጠጠሩን ትከስሳለች። ሌላው አጥሩን በጣቱ እየወጋ ፕላስቲክ መሆን አለመሆኑን ይመረምራል። ኤርሲሊያ በየደረጃው እየመለሰች፣ ከሎሚው እያራቀች፣ ከዲያና ጭን እያወረደች ክቡ ላይ እንደምንም አደረሰቻቸው። ኮራዶ እንደ ባለቤት ፈንጠር ብሎ ሎሚዎቹ ጋ ቆመ፤ እጁን አጣምሯል።

ተናዳለች፤ በሰዎቹ፣ በኮራዶ፣ ከሁሉ በላይ ከአጥሩ ጀርባ ባለው ግግም ባለ ሽማግሌ። ቶሎ ይለቅልኝ አለች። የግብዣውን ታሪክ ቆራርጣ ጨረሰችው፣ ማርኬዙ ብርጭቆውን ያንሳ አያንሳ ግድ ሳይሰጣት ፈቀቅ አለችና ቀዩን ጨርቅ በሁለት እጇ ዘርግታ ከራሷ በላይ አነሳች። ያን የሚያህል ቀይ ከሉካ ግንብ ላይ ይታያል።

ምንም የለም። አንድ ጠብታ የለም። ባለ ሐር ጫማዋ ጨርቁን አየች፣ ኤርሲሊያን አየች። «ይሄም የጉብኝቱ አካል ነው?» አለች።

«አሁን መጣሁ» አለች ኤርሲሊያ፤ ጥርሷን ነክሳ አጥሩን ዞረች።

ዱዊሊዮ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ መዘውሩን እንደያዘ፣ አንገቱን ወደ አጥሩ አዘንብሎ ቆሟል። ለስድብ ያዘጋጀችው ሁሉ አፏ ላይ ነበር።

«ቀዩን አላየህም?» አለች።

«የቱን ቀይ?»

ጨርቁ አሁንም በእጇ ነበር። ከፊቱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ያህል፣ «ማርኬዙ ጠማችሁ አላለም እኮ» አላት። «እሱን ስጠብቅ ነው።»

«ምን?»

«ከአምናው ወይን ለቀማ ወዲህ መሐረብሽን አላየሁም። ድምፅሽን ነው የምከተለው። አንዲት ቃል ሳትስቺ ነው የምታወሪው፣ ሁሌም እዚያው ላይ ትንፋሽ ትወስጃለሽ። ያኔ እከፍታለሁ። በቄሱ ቀን ደረጃው ላይ ሆነሽ አልሽው፣ እኔ ምን ላድርግ። ዛሬ ደግሞ ዘለልሽው።»

ኤርሲሊያ የውሃ ማጠራቀሚያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አይሰማኝም» ስትለው የኖረችው ሰው ነው ይሄ። አንተ የማትረባ፣ ብትነግረኝ ምን ነበረበት ልትለው ፈለገች፤ ቀዩን ጨርቅ ጭኗ ላይ አጣጠፈችው።

«ማክሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች በመጨረሻ።

«እሺ።»

ሳይከራከር እሺ ማለቱ ይበልጥ አስፈራት።

ኮራዶ አጥሩን ዞሮ መጣ። ኤርሲሊያ ብድግ ብላ «ቧንቧው ተደፍኖ ነው፣ ሲኞር ኮራዶ» አለች። ለማንም ብላ እንዲህ ዋሽታ አታውቅም።

«ቧንቧው ደህና ነው» አለ ዱዊሊዮ። «እኔ ነኝ የማላየው።»

ኮራዶ ሽማግሌውን አየ፣ ጨርቁን አየ። ልጅ ሳለ ይህ ሰውዬ በዚሁ ውሃ ስንቴ አበስብሶታል።

«መሣሪያዎን ያስገቡ» አለ ዱዊሊዮ። «ዓይኔ ቢድንም እንኳ ዕድሜዬ አይመለስም፤ ይሄ ቀልድ ሰው ቢጎዳ የእርስዎ ስም ነው የሚጠፋው። ይቺን አንዷን ግን እኔ ልክፈታት። ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።»

«ይክፈቱ፣ ዱዊሊዮ» አለ ኮራዶ። ሄዶም ሎሚዎቹ ጋ አልቆመም፤ ክቡ ላይ ወጥቶ ከወዳጆቹ መሃል ገባ።

ኤርሲሊያም ተመልሳ ክቡ ላይ ከፊታቸው ቆመች። «ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር» አለች። ጀመረች። የማርኬዙን ግብዣ አወራች፤ የጠረጴዛውን ርዝመት፣ የተጠበሰውን ጥንቸል፣ የሙዚቀኞቹን ስካር። ሲያልቅባት ከየት እንዳመጣችው የማታውቀውን ጨመረች፤ የማርኬዙን ሚስት ቁጣ፣ የወጥ ሠሪዋን ጥርስ ሕመም፣ በግብዣው መሃል የጠፋውን ውሻ። ባለ ሐር ጫማዋ አፏን እስከ ጆሮ ግንዷ ከፍታ አዛጋች። ኮራዶ አላቻኮላትም። ከአጥሩ ጀርባ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም፤ እየጠበቀ እንደሆነ ታውቃለች፣ እስክትጨርስ ድረስ እንደሚጠብቅም ታውቃለች። ውሻውም ተገኘ። የሚወራ ነገር አለቀ።

«ማርኬዙም ብርጭቆውን አነሳና» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ እንዲሰማት ጮክ አድርጋ ደገመችው። «ብርጭቆውን አነሳና፣ እንግዶቼ፣ ጠማችሁ? አለ።»

ፈቀቅ ሳትል ቆመች፤ ውሃው መጣ።