የ«ጠ» መሃል እግር

ጁወይሪያ አራት ዓመት ሙሉ ከፊደል ጋር ስትታገል ኖረች። ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከአንድ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብላ፣ የመድኃኒት መለያ ወረቀት ለሚያትም ማሽን ፊደል ትቀርጽ ነበር። ማሽኑ ለቀጭኗ «ነ»ም ለሰፊዋ «ጠ»ም እኩል ቦታ ነው የሚሰጠው። «ጠ» ሦስት እግሯን ይዛ እዚያ ስትገባ ቀለሙ ይደፍናታል። ስለዚህ ጁወይሪያ የመሃሉን እግር የፀጉር ያህል አቀጠነችው፣ ትንሽም አሳጠረችው። በደቃቁ ሲታተም ጥርት ብሎ ይነበባል።

ሥራውን የሰጣት ድርጅት ገምጋሚዎች ግን «ጠ»ን በር አሳክለው አሳተሙና ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። ሰብሳቢው ጋሽ ተክለማርያም በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ «ልጄ፣ የአባቶቻችንን ፊደል እኮ እግሩን አኮሰስሽው» አሏት።

«በልኩ ታትሞ ይዩልኝ፣ ጋሼ» ብትል ማን ሰምቷት! እግሮቹ እኩል ይሁኑ ተባለ። እሷም ሳትወድ እኩል አደረገቻቸው።

ባለፈው ሳምንት አየር ጤና አንድ መድኃኒት ቤት ገባች። ከፊቷ ተሰልፈው የነበሩ አሮጊት የመድኃኒት ብልቃጣቸውን ዘረጉላት።

«እስቲ አንብቢልኝ ልጄ፣ መቼ ነው የሚወሰደው?»

በብልቃጡ መለያ ወረቀት ላይ የመጀመሪያዋ ፊደል ድፍን ጥቁር ነጥብ ሆናለች። ጁወይሪያ ግን ለየቻት።

«ጠዋት ነው፣ እማማ።»

አሮጊቷ ብልቃጡን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና ተማረሩ። «ይህን ፊደል የሠራውን እጁን ይቁረጠው!»

«አሚን» አለች ጁወይሪያ።