የኦቦ ሁንዴ ቦኖ

ባለፈው ሳምንት ሰበታ፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ዕቃዋን ስለይ ስልኬ ጮኸ። የውሃ አገልግሎቱ መልእክት ነበር። አርባዋ እንዳለፈ የቆጣሪው ስም ወደ እኔ እንዲዛወር አመልክቼ ነበርና መልሱ መሆኑ ነው። ሳላነበው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። ያንን መልእክት ከብዙ ዓመት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን ይዤ ነበር። ድርጅታችን ሰበታ መሀል፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያለች ትንሽ ቢሮ ነበረች። ጠዋት ጠዋት የዳቦው ሽታ በመስኮት እየገባ ሥራ ያስፈታናል። ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ የውሃ ደንበኞች የሂሳብ ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። የእኔ ድርሻ መልእክቶቹ ነበሩ። በደንበኛው ሂሳብ ላይ አንድ ነገር ሲሆን፣ ቆጣሪ ሲገባ፣ ስም ሲዛወር፣ ውሃ ሲዘጋ፣ ሶፍትዌሩ ለየከተማው ቅርንጫፍ በኢንተርኔት ይናገራል። የሚናገረውም በኤክስኤምኤል ነው። ኤክስኤምኤል ማለት፣ ለማያውቀው ሰው ልንገር፣ ነገሩን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ሳጥን እያደረጉ፣ በየሳጥኑ ላይ ስም እየለጠፉ መላክ ነው። የከፈቱትን ሳጥን ካልዘጉ ተቀባዩ አንዱንም አይቀበልም። እኔ ደግሞ ሥርዓት ወዳድ ነኝና ሥራው ደስ ይለኝ ነበር።

አለቃዬ ጋሽ ወርቁ ከቡራዩ ነበር የሚመላለሱት። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም፤ ሲቆጡም እያሻመዱ ነው የሚቆጡት። የሶፍትዌሩ መሠረት ከውጭ አገር የመጣ ነበርና በዚያ አሠራር ስም ሲዛወር ሁለት መልእክት ይሄዳል፤ መጀመሪያ «ዝጋ»፣ ከዚያ «ክፈት»። እዚያ አገር አንዱ ቤቱን ለቆ ይሄዳል፣ ሌላው ይገባል፤ መሀሉ ባዶ ነው። እኛም እንዳለ ወሰድነው። ሁለቱ መልእክቶች ተከታትለው ስለሚደርሱ ማንም ልብ አላለውም።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። መሬታችን ተወስዶ ለአዲስ አበባ ሊሰጥ ነው ተብሎ ከተሞቹ ሁሉ ታመሱ። የኅዳር ፀሐይ ቁልጭ ብላ እየወጣች፣ አጨዳው ገና ሳይሰበሰብ፣ መንገዱ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ይዘጋል። ሚኒባስ የለም። ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ከሰልፍ ያልተመለሰ ልጅ ያለበት ቤት አለ፤ የት እንዳለ የማይታወቅ ልጅ የሚጠበቅበትም አለ። አንድ ቀን ጋሽ ወርቁ ከቡራዩ መውጣት አቅቷቸው ቀሩና ቢሮው ለእኔ ብቻ ቀረ።

ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ። ቶሎሳ ነበር፣ የሱሉልታ ቅርንጫፍ የቧንቧ ሠራተኛ፤ ተጫዋች ልጅ ነው፣ ሳይቀልድ አያወራም። ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ሰናይት፣ የኦቦ ሁንዴን ቦኖ ዝጋ የሚል ትእዛዝ ይዤ መጥቼ ሰው ከቦኛል። ሰውየው ገና ትናንት መቀበራቸው ነው እኮ! ድንኳኑ እዚሁ ነው፣ የለቀስተኛው ውሃ የሚቀዳው ከዚሁ ነው!»

ኦቦ ሁንዴን በአካል አላውቃቸውም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በጄሪካን የሚቀዳበት ቦኖ ኃላፊ ስለነበሩ ሂሳቡ በስማቸው ነበር። ቦኖ ያለ ኃላፊ አያድርም የሚል ደንብ ስላላቸው ኮሚቴው ከቀብር እንደተመለሰ ስሙ ወደ ባለቤታቸው ወደ አዴ ጫልቱ ይዛወር ብሎ አስደውሎ ነበር፤ እኔም ጠዋት መዝግቤዋለሁ። ኮምፒውተሩን አየሁ። «ዝጋ» ሄዷል። «ክፈት» እዚያው ወረፋ ላይ ተቀምጧል። ኢንተርኔቱ የጠፋው በሁለቱ መሀል ነው።

«ቶሎሳ፣ እንዳትነካው! ስም ዝውውር ነው።»

«ወረቀቱ ዝጋ ነው የሚለው። ሳልዘጋ ብመለስ ከሥራ ያባርሩኛል። ብዘጋው ደግሞ…»

ከኋላው ሰው በኦሮምኛም በአማርኛም ይጮኻል። አንድ ጎረምሳ «ዛሬ ውሃውን፣ ነገ መሬቱን!» ሲል ሰማሁት። ቶሎሳ የዚያው የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ያን ሰሞን ግን የመንግሥት ወረቀት የያዘ እጅ የማንም ይሁን አይታመንም። ድንጋይ ቢወረውሩበትስ? ከዚያ ስልኩን አንዲት ሴት ተቀበለችው፤ ድምፅዋ በለቅሶ ሻክሯል።

«ማነሽ አንቺ?»

«ሰናይት እባላለሁ እናቴ፣ ከሰበታ። መልእክቱን የምልከው እኔ ነኝ።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሞተው ባሌ ነው። ቦኖው ሞተ ብሎ ማን ነገራችሁ?»

«ማንም እናቴ። እግዜር ያጥናዎት። ውሃው አይዘጋም» አልኩ።

«በማን ቃል?»

ጋሽ ወርቁ ስልካቸው አይሠራም። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ገና የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ!

«በእኔ» አልኳቸው።

አዴ ጫልቱ ዞር ብለው ለሰዉ በኦሮምኛ ተናገሩ። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ወረደ። ቶሎሳ ስልኩን መልሶ ሲይዝ አፉ ሞልቷል።

«ንፍሮ ሰጥተውኝ ነው» አለኝ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ጋሽ ወርቁ በማግስቱ ግማሹን መንገድ በእግራቸው መጡ። «ማን ፈቀደልሽ?» ብለው ጀመሩና ሲሰሙ ቆሎውን ማሻመድ አቆሙ። «በይ አስተካክይው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

መንገዱ ሲከፈት ለቅሶ ልደርስ ሱሉልታ ሄድኩ። ከእንጦጦ ጀርባ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሜዳው በድርቆሽ ክምር ተሞልቷል። አዴ ጫልቱ ቦኖው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰው እያስቀዱ አገኘኋቸው። እርጎ አስቀረቡልኝና «እና አሁን ምን ብለሽ ትልኪያለሽ?» አሉኝ።

«አንድ መልእክት ብቻ ነው። የእርስዎ ስም አዲስ ተብሎ ይገባል።»

«የእሱስ? ይጣላል?»

እውነቱን ለመናገር ልጥለው ነበር፤ ለቅርንጫፉ ምንም አይጠቅመውም። ሴትዮዋን አየኋቸውና «አይጣልም፣ ከላይ ይቀመጣል» አልኩ።

«እንዲያ ከሆነ ደህና» አሉና ወደ ጄሪካኑ ዞሩ።

በማግስቱ ጻፍኩት። ነባር ስም፣ አዲስ ስም፣ ከታች ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር። ጋሽ ወርቁ «ይቺ ለኮምፒውተሩ ምን ትሠራለታለች?» ብለው ነበር። ለኮምፒውተሩ ምንም አትሠራለትም። ግን አላስወጧትም፤ ኋላ መልእክቱ ለደንበኛውም በስልኩ ይላክ ሲባል እሷም አብራ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፣ ትልልቅ የሚባሉም አሉበት። ስንት ሰው ያቺን መልእክት በሐዘን ቤት ሆኖ እንዳነበባት ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ስልኩን መልሼ አነሳሁት።

«ነባር ስም፦ ተዋበች። አዲስ ስም፦ ሰናይት። አገልግሎቱ አልተቋረጠም።»

ግቢ ወጥቼ የእናቴን ቧንቧ ከፈትኩት። ውሃው መጣ። እስኪበቃኝ ፊቴን ታጠብኩበት።