ባለ አራት ማሰሪያው ቀበቶዬ

የትንሿ መኪናዬ ሁለት የፊት ወንበሮች ላይ የእሽቅድምድም መኪና ቀበቶ አስገጥሜያለሁ። ሰዎች ሳቁብኝ፤ ግን በነፍስ አይቀለድም። ለሚ ኩራ ያለው መካኒክ ከወንበሩ ጋር ሊያስረው ሲል፣ "ወንበሩ ራሱ ቢነቀልስ?" ብዬ ተሟግቼ፣ ከመኪናው ብረት ጋር በብሎን አስጠብቄዋለሁ።

የመጀመሪያ ተሳፋሪዬ አክስቴ እትዬ አልማዝ ነበሩ። በርበሬ ገዝተው ከሾላ ገበያ ሲወጡ ከጎኔ አስቀመጥኳቸውና ሁለቱን ማሰሪያ በትከሻቸው፣ ሁለቱን በወገባቸው አዙሬ ጥፍር አድርጌ አሰርኳቸው።

"ምነው ልጄ፣ አንቀልባ ነው እንዴ?"

"ያለ ቀበቶ የእኔ መኪና አትንቀሳቀስም" አልኩ ኮራ ብዬ። ከኋላ ያለው ታክሲ በጥሩምባ ሲያጣድፈኝ ቶሎ ተነሳሁ። መንገዱን ሙሉ ስለ ቀበቶ ጥቅም ሳስረዳቸው እሳቸው እኔን እኔን ያያሉ።

ቦሌ ስንደርስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። በመስኮት ጎንበስ ብሎ አክስቴን ሲያይ ደነገጠ።

"እናቴ፣ ደህና ነዎት? ማን ነው እንዲህ የጠፈረዎት?"

ላስረዳው አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደሙኝ።

"እኔስ ደህና ነኝ ልጄ። ይልቅ እሱን እየው፤ ከሾላ ጀምሮ የራሱን ቀበቶ ሳያስር ነው የመጣው።"