ቀዩ ጃንጥላ የማን ነው

ከትብለጥ ጋር ጎረቤት ብቻ አይደለንም። እዚህ እስራኤል፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ስናሽግ ነው ያረጀነው። ሥዕል ልማር ማትናስ ገባሁ ስትለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ማትናስ የሰፈራችን የሕዝብ አዳራሽ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ኦዴያ የምትባል ልጅ ሴቶችን ታስተምራለች። "ቤቱን አትሳሉት፤ ከልጅነታችሁ ቤት ዓይናችሁ ውስጥ የቀረውን ቀለም አፍስሱት" አለቻቸው አሉ።

ትብለጥም አፈሰሰችው። ቀይ ክብ፣ ሐምራዊ ክብ፣ አረንጓዴ ክብ፣ ዳር ዳሩን የወርቅ ዘርፍ፣ ከሥር ሰማያዊ ብቻ። ሰው የለ፣ ቤት የለ።

"እቴ! ሕፃን ነው እንዴ የለቀለቀው?" ብላት ተቆጣች።

"ጥምቀት ነው" አለችኝ። "ጎንደር፣ ውሃው ዳር። ቀዩ የአባቴ ነው።"

አባቷ ስመኘው የደብሩ ጃንጥላ ያዥ ነበሩ፤ ታቦቱ ሲወርድ ከላይ የሚያጠሉት እሳቸው ናቸው። ዘራችን ቤተ እስራኤል መሆኑ በቤት ውስጥ በሹክሹክታ ይወራል እንጂ፣ ያደግነው ማተብ አስረን ነው። እሳቸው ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራ ሲጠብቁ እዚያው ጎንደር አረፉ። እኛ መጣን፣ ማተቡን ፈታን፣ ወደ አያቶቻችን ሃይማኖት ተመለስን። ዛሬም ማተብ አስረው ነበር ብሎ በጎሪጥ የሚያየን ግን አልጠፋም።

ሥዕሎቹ ማትናስ የተሰቀሉት ስግድ፣ የቤተ እስራኤል በዓላችን፣ ሊደርስ ሲል ነው። የትብለጥ ልጅ ሺራን ከእጮኛዋ ጋር መጣች፤ የእጮኛዋ አባት ጋሽ ምትኩም ነበሩ። ጋሽ ምትኩ ደርግ ሲወድቅ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ፣ ማተብ ያላሰሩ የቤተ እስራኤል ቄስ ልጅ ናቸው። ሥዕሉ ሥር ማንም ትብለጥን ሳይጠይቅ "ስግድ" የሚል ካርድ ተለጥፏል። ምን ይደረግ፣ ለስግድም ቄሶቻችን ያንኑ ዓይነት ባለቀለም ጃንጥላ ነው የሚይዙት!

ጋሽ ምትኩ ፊቱ ቆመው እንባ አቀረሩ። "ልጄ፣ ይሄ ቀዩ እኮ የአባቴ ጃንጥላ ነው! የት አየሽው?"

ተናገሪ ብዬ ጎኗን ጎሰም አደረግኋት። እሷ ግን ሺራንን አየች። ልጅቱ ፊቷ በርቷል። "ስግድ ላይ ነው፣ ጋሼ" አለች ትብለጥ።

ይሄኔ የትብለጥ እናት እማማ ዓባይነሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀረቡ። "ትብለጥ፣ ቀዩስ የአባትሽ..."

"እማዬ፣ ተሳስተው ነው!" ብላ ጮኸችባቸው፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። "እውነትሽን ነው፤ ዓይኔ ደክሟል" አሉ። እኔ እንኳን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በማግሥቱ ፋብሪካ ስንገናኝ ቀና ብላ አላየችኝም። "አባቴን ካድሁ፣ እናቴን አዋረድሁ። በየት በኩል ልያቸው?" አለች።

"ሂጂና ለጋሽ ምትኩ ንገሪያቸዋ! ሰው አይበሉ!"

"ከሠርጉ በኋላ" አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የትብለጥ ግን እያደረ ባሰበት፤ ጋሽ ምትኩ ሥዕሉን ለመኗት፣ እንቢ ማለት አፍራ ሰጠቻቸው።

ሠርጉ አለፈ። ለቅልቅሉ ካርሜ ጋት የሚባል ሰፈር፣ ጋሽ ምትኩ ቤት ተጠራን። ሥዕሉ ሳሎኑ መሀል ተሰቅሏል። ትብለጥ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች፤ እማማ ዓባይነሽ "እኔን እዚህ" ብለው ፊት ለፊቱ። ጋሽ ምትኩ ለእንግዳው ሁሉ እያሳዩ፣ "ቀዩ የአባቴ ነው" ይላሉ። ትብለጥን አየኋት። አሁን ነው፣ በይ እንጂ! እሷ የነጠላዋን ጥለት ማስተካከል ያዘች።

"አያያዛቸው ያምር ነበር" አሉ እማማ ዓባይነሽ ድንገት። "ቀኑን ሙሉ ቆመው ክንዳቸው አይዝልም። ሲመለሱ ደግሞ ትንሿን ልጃቸውን ከሥሩ ያስገቧት ነበር።"

"አባቴን ያውቋቸው ኖሯል?" አሉ ጋሽ ምትኩ ደስ ብሏቸው።

"የለም ልጄ። እንዲህ ያለ ሰው ይመስሉኛል ብዬ ነው" አሉ አሮጊቷ።

ትብለጥ ብድግ ብላ ኩሽና ገባች። ተከትያት ብገባ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። ከእጇ ተቀበልኋት።

"ከሥሩ ያስገቧት ልጅ እኔ ነኝ" አለችኝ።