እንግዳ የማይሸነፍበት ቀበሌ

ቅዳሜ፣ ጥር 19 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12፡30። ለወዳጅነት ጉብኝት የመጡ ሦስት የሀንጋሪ ወጣቶች ለገሃር አጠገብ ካደሩበት ሆቴል ወጥተው ወደ ፒያሳ ተነሡ።

የምንሄድባትን ሚኒባስ፣ ኮምቢዋን፣ የሚነዱት ጋሽ ዘውዴ ናቸው፤ ከዚህ በፊት ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። አስተርጓሚው አቶ ፍስሐ ቡዳፔስት የተማሩ መሐንዲስ ናቸው። እኔ የጉብኝቱ ዘጋቢ ነኝ። ከእንግዶቹ መካከል የተቀመጠችው ሙሉነሽ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ የአስተናጋጁን የፒያሳ ቀበሌ ወጣቶች ወክላ መጥታለች። እንግዶቹ ኤስተር፣ ጋቦርና ዞልታን ይባላሉ። ኤስተር አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአገሯ ፒንግ ፖንግ ትጫወታለች። ጋቦር በጣም ረጅም ነው። ዞልታን አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ይበላል።

ጋቦር እጥፍጥፍ ብሎ ሲገባ ጋሽ ዘውዴ በመስታወት አዩት።

"እስቲ ይጠይቁልኝ፣ እዚያ ላይ ፀሐይ ወጥታለች?"

አቶ ፍስሐ ተረጎሙ። ጋቦር በመስኮቱ አሻቅቦ አየና መለሰ፦ "ገና ናት። ስትወጣ እነግርዎታለሁ።"

"ይሄ ልጅ አራዳ ነው" አሉ ጋሽ ዘውዴ፣ ማርሽ እያስገቡ።

1፡10፣ ቸርችል ጎዳና። ኮምቢዋ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣለች። ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ታክሲዎች ይቀድሙናል። ከመንገዱ በላይ ቀይ ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር ተወጥሯል፤ ከሥሩ ለዳቦ የተሰለፉ ሰዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ሙሉነሽ ከተነሣን ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም።

"ሙሊዬ፣ ምነው?" አሉ ጋሽ ዘውዴ።

ነገሩን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቀበሌው አዳራሽ ከኤስተር ጋር የፒንግ ፖንግ ግጥሚያ አለባት። ከቀበሌው በላይ ካለው ከፍተኛ የስፖርት ኃላፊው ተጫዋች ለመምረጥ ይመጣሉ፤ በከፍተኛው ቡድን ውስጥ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ከመስከረም ጀምሮ በየማለዳው ስትለማመድ የቆየችው ለዚህ ነበር። ትናንት ማታ ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አስፋው አስጠርተው "እንግዳ ሊሸነፍ አይገባም" ብለዋታል።

"ምን አልሽው?"

"እሺ ጓድ።"

"እና?"

"እናማ እሸነፋለሁ ጋሼ። ኃላፊውም ቁጭ ብለው ያዩኛል።"

አቶ ፍስሐ ይህን አልተረጎሙም። ኤስተር ተራ በተራ ፊታችንን አየች።

3፡00፣ ፒያሳ። ኬክ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ የለም፤ ባንኮኒውን ተደግፈን ቆምን። ማኪያቶ አርባ ሳንቲም ነው። ዞልታን ሦስት ኬክ በላ፤ አራተኛውን የጠየቀው በአማርኛ ነው። ወርቅ ቤቶቹ በራቸውን ከፍተዋል። አንድ ባለ ወርቅ ቤት ለኤስተር ሐብል አጠለቁላትና መስታወት ይዘው ቆሙ። ስሟን ሲሰሙ "አስቴር በይ እንጂ" አሉ። ከዚያ በኋላ በፒያሳ ኤስተር ያላት ሰው አልሰማሁም። ሐብሉን ስትመልስ ጋቦር ጣሪያው ላይ ያለችውን አምፖል በግንባሩ ገጭቶ አምፖሏን ይቅርታ ጠየቃት።

6፡20፣ እሪ በከንቱ ሰፈር። መንገዱ ስለጠበበ ኮምቢዋን ትተን በእግር ወረድን። እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ደጃቸው ላይ ከጎረቤታቸው ጋር ሽሮ ቀርቦላቸዋል። ስናልፍ እንደ ደንቡ "እንብላ" አሉን። እኛም እንደ ደንቡ "ይብሉ፣ ጠግበናል" ብለን እግራችንን ስናነሳ አንድ ሰው ጎደለን። ዞልታን ተቀምጧል።

ሙሉነሽ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉለት፣ ባህሉን አያውቅም።"

"ምን ይቅርታ አለው?" አሉ እትዬ ብርቄ፣ ጎረቤታቸውን ገፋ አድርገው ቦታ እየለቀቁለት። "ሠላሳ ዓመት እንብላ ብያለሁ፤ አምኖኝ የተቀመጠ እሱ የመጀመሪያው ነው።"

ሁላችንም ተቀመጥን። ሽሮው ሳይበቃ ሁለተኛ ድስት ከጎረቤት መጣ። ስንነሣ እትዬ ብርቄም ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉን።

9፡00፣ የቀበሌው አዳራሽ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የስፖርት ኃላፊው ከፊት ማስታወሻ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። አጠገባቸው ጓድ አስፋው በታይፕ የተመታውን ፕሮግራም ይዘዋል።

ሙሉነሽ የታዘዘችውን ፈጸመች። የመጀመሪያው ኳስ መረብ ውስጥ ገባ፣ ሁለተኛው ከጠረጴዛው አለፈ። የምትስተው በጥንቃቄ ነው። 21 ለ 6 ስትሸነፍ ጓድ አስፋው አጨበጨቡ፤ አዳራሹም ተከተለ። ኃላፊው ብዕራቸውን ከደኑ።

ኤስተር ራኬቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ለአቶ ፍስሐ ተናገረች። አቶ ፍስሐ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"ንገሩን እንጂ" አሉ ጋሽ ዘውዴ ከኋላ።

"የአራት ዓመት ወንድም አለኝ፤ እንዲህ የምጫወተው ከእሱ ጋር ነው ትላለች። ምን አጥፍቼ ነው እንደ ሕፃን የቆጠራችሁኝ ትላለች።"

ጓድ አስፋው ፕሮግራሙን አዩ፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ጀርባው ባዶ ነበር።

"አስፋው" አሉ እትዬ ብርቄ ከወንበራቸው ሳይነሡ። ሊቀ መንበሩን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቋቸው ጓድ አላሏቸውም። "እንግዳ እኮ ተቀየመ።"

ጓድ አስፋው ኃላፊነታቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ።

"ጓዶች፣ እስካሁን ያያችሁት የእንግዳ አቀባበል ነው። ግጥሚያው አሁን ይጀመራል።"

ነጥብ መዝጋቢው እጁን አነሣ። "የተቆጠረውስ ጓድ ሊቀ መንበር?"

"አቀባበል አይቆጠርም።"

ሙሉነሽ ጫማዋን አወለቀች። የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ 17 አሸነፈች። ሁለተኛውን ኤስተር 21 ለ 18 ወሰደች። በሦስተኛው ዞልታን እንኳ እጁ ላይ የነበረውን ቆሎ ረስቶታል። 19 እኩል፣ 20 እኩል ሆኑ። የመጨረሻው ኳስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነክቶ ወደቀ። ኤስተር 22 ለ 20 አሸነፈች፤ ጠረጴዛውን ዞራ ሙሉነሽን አቀፈቻት። ጓድ አስፋው በረጅሙ ተነፈሱ።

ኃላፊው የጻፉትን ጠየቅኳቸው። ደብተራቸውን አጠፉ። "ሰኞ ይለጠፋል።"

11፡40፣ ወደ ለገሃር። ቸርችልን ስንወርድ ዞልታን ተኝቷል፤ ጋቦር ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ጋሽ ዘውዴ በመስታወት ሙሉነሽን አዩ።

"የአሁኑ ሽንፈት የእውነት ነው?"

"የእውነት ነው ጋሼ።"

"ይሻላል?"

"ያማል" አለች ሙሉነሽ። ቆየችና "ግን ይሻላል" አለች።

ከምሽቱ 12፡05 እንግዶቹ ሆቴላቸው በር ላይ ወረዱ።

ሰኞ፣ ጥር 21፣ ከጠዋቱ 3፡15፣ የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት በር። የፒንግ ፖንግ ቡድኑ ዝርዝር ተለጥፏል። ስምንት ስሞች አሉት። የሙሉነሽ ስም ስምንተኛው ነው።