ደርባን ላይ ያልመለስኩት ሰላምታ

በፈረንጆቹ 2008፣ ሚኒያፖሊስ በረዶ ውስጥ በተቀበረችበት ወር፣ ከከተማዋ ዳርቻ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አሮጊት «ደቡብ አፍሪካን በመርከብ ላያት ነው፤ አብረሽኝ ነይ» አሉኝ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ዊልቸራቸውን የሚገፋ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋቸዋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበርና ደስ ብሎኝ ተነሳሁ።

መርከቡ ላይ ግን ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ሁለት ተሳፋሪዎች፣ በተለያየ ቀን፣ የመርከቡ ሠራተኛ መስያቸው ፎጣ አምጪልኝ አሉኝ። አንዷ ቁርስ የበላችበትን ሳህን አንስታ ሰጠችኝ፤ እኔም ተቀበልኳት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጠይቀኝ «የሚኒያፖሊስ ነኝ» ማለት ጀመርኩ። አነጋገሬን ሳይቀር ሚኒሶታ እንደተወለደችው ልጄ ለማድረግ እሞክር ነበር።

ደርባን ስንደርስ የአገሩን ባህል ለምናይ አውቶብስ ተዘጋጅቶልን ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የጥቁሮች ሰፈር ወሰዱን። ሴቶች አዳራሽ ውስጥ ዘፈኑልን፤ አንገታችን ላይ ጨሌ አሰሩልን። አጠገባችን ከሚስቱ ጋር የተቀመጠ የመርከባችን ተሳፋሪ «አፍሪካን ስታዪ የመጀመሪያሽ ነው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ።

የመድኃኒታቸው ሰዓት ሲደርስ ውሃ አልያዝንም። በር ላይ ጥላ ስር አስቀምጫቸው፣ መንገዱን ተሻግሬ ፊቷ በብረት ፍርግርግ ወደታጠረች ትንሽ ሱቅ ሄድኩ። ያ ሰውዬና ሚስቱም ለስላሳ ሊገዙ ተከተሉኝ። ከፍርግርጉ ወዲያ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቆሟል። ገና ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«አበሻ ነሽ አይደል?»

«ይቅርታ?» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ሳቀ። «ተይ እንጂ! የሆሳዕና ልጅ ነኝ። አማርኛ ካወራሁ ስንት ጊዜዬ! በጓሮ በኩል በር አለ፤ ግቢ፣ ሻይ ልጣድልሽ።»

ባልና ሚስቱ ከኋላዬ ቆመዋል። «አልገባኝም፤ አሜሪካዊት ነኝ» አልኩት፣ አሁንም በእንግሊዝኛ። «ውሃ ነው የፈለግኩት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠይቆኝ ውሃውን በፍርግርጉ አቀበለኝ። ፊቴን ሳዞር ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «በሰላም ግቢ፣ እህቴ» አለኝ።

«ምን አለሽ?» አለችኝ ሚስትየው።

«እኔ እንጃ። የአገሩ ቋንቋ መሰለኝ።»

አውቶብሱ እስኪነሳ ሃያ ደቂቃ ያህል ነበረን። ዘልዬ መመለስ እችል ነበር። ከመስኮቱ ሆኜ ሱቁን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ሚኒያፖሊስ ተመልሰን፣ በረዶው ቀልጦ ዛፉ ሲለመልም፣ አሮጊቷ ቤት ቴሌቪዥኑ የደቡብ አፍሪካን ዜና አመጣ። የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ እየተዘረፈና እየተቃጠለ ነበር። ሥራዬን ትቼ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋሁ።

«ያ ውሃ የሸጠልሽ ሰው» አሉኝ አሮጊቷ፣ «ያገርሽ ሰው ነበር፣ አይደል? ከማዶ ሆኜ ሳቁን አይቼዋለሁ።»

«አዎ» አልኳቸው።

ፊሊፕስ በሚባለው የሚኒያፖሊስ ሰፈር የሚኖር ታክሲ ነጂ አውቃለሁ፤ የሆሳዕና ሰው ነው፣ ደርባንም ዘመዶች አሉት። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እሱ ዘንድ ሄጄ፣ ባለሱቁ ደህና መሆኑን እንዲያጣራልኝ ለመንኩት።

«ስሙን ንገሪኝና አሁኑኑ ልደውል» አለኝ።

«አላውቀውም።»

«የሰፈሩንስ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እንዴት ተዋወቃችሁ?»

ሳልቀንስ ነገርኩት። እስክጨርስ አዳመጠኝ። ከዚያ ሊያጽናናኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ «ፈርተሽ ነው። በሰው አገር ሰው ይፈራል» አለኝ።

«አልፈራሁም» አልኩት። «በሰውየው አፍሬ ነው።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ መኪናው ውስጥ ገባ።