መቶ ስልሳ አንድ ፊርማ

ለሃያ ስድስት ዓመት በወረዳው መዝገብ ቤት የሠራችው ሴትዮ የራሷ ስም ነበራት፤ በስሟ የሚጠራት ግን አልነበረም። ሰዉ ሁሉ «እትዬ መስኮት» ይላታል። ከመስታወቱ በስተጀርባ ከደረቷ በላይ እንጂ ሌላ አካሏን ያየ ስለሌለ፣ መንገድ ላይ ሲያገኟት «ለካ እግርም አላት!» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። የተወለደውን የምትጽፍ እሷ ናት፣ የተጋባውን የምትጽፍ እሷ ናት፣ የመራጮችን መዝገብ የምትይዝም እሷ ናት። የሞተውን መጻፍም ሥራዋ ነበር። እዚህ ላይ ግን ጣጣ አለ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ጣጣ ነው።

ወረዳዋ ከተራራው ጀርባ ከተረሱት አምስት ደረቅ ወረዳዎች አንዱ ነው። የግዛቱ ዋና ከተማ በአውቶቡስ የስምንት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከዘነበ ደግሞ መቼ እንደሚደረስ አንድዬ ይወቀው። አባቱ የሞተበት ገበሬ መሬቱን ወደ ራሱ ስም ለማዞር ዋናው ከተማ ድረስ በአካል መሄድ አለበት፤ አንዴ ለማመልከት፣ አንዴ ለመጠየቅ፣ አንዴ ለመረከብ። ይህ እስኪያልቅ የመሬት ደብተሩ ይታገዳል። ደብተሩ የታገደበት ሰው የመስኖ ውኃ ተራ የለውም፣ ዘርም አያገኝም። እገዳው የሚጀምረው ሞቱ መዝገብ ላይ ከሰፈረበት ቀን ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ሽንኩርት ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አይመስልም።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ የሽንኩርት ገበሬ የአባቱን ሞት በሳምንቱ አስመዘገበ፤ ሕግ አክባሪ ሰው ነበር፣ ምን ይደረግ! ዋናው ከተማ አምስት ጊዜ ተመላለሰ። ሁለት የውኃ ተራ አለፈው፣ ማሳውም እንደቆመ ደረቀ። አንድ ቀን መጥቶ አንድ የደረቀ ሽንኩርት የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። በወሩ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ልታስመዘግብ ስትመጣ እትዬ መስኮት ብዕሯን አስቀመጠችና በቀዳዳው በኩል ጠጋ ብላ «ይቆይሽ እህቴ፤ ማን ያሳድድሻል?» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ወረዳ መዝገብ ላይ የሞተ የለም ማለት ይቻላል። ሰዉ መሞቱን አልተወም፤ መመዝገቡን ነው የተወው። ለውኃውም፣ ለዘሩም፣ ለማኅበሩም ልጅ በአባቱ ስም ይፈርማል፣ ሚስት በባሏ ስም ትፈርማለች። የሚጠራጠር ሲመጣ «ደብተሩ ላይ ባለው ስም ፈርም፣ ምን ያስጨንቅሃል» የምትለው ራሷ እትዬ መስኮት ናት። የገዛ አባቷም ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በወረቀት ላይ ግን ደህና ናቸው። መሬታቸውን የሚያርሰው ታላቅ ወንድሟ ነው። የእሳቸውን ፊርማ ሲፈርም አይቶ የሚለይ የለም፤ ራሳቸው ቢያዩት እንኳ መቼ እንደፈረሙት ለማስታወስ ይሞክሩ ነበር እንጂ አይክዱትም።

አምስቱ ወረዳዎች «ከዚህ ግዛት ተለይተን የራሳችንን ግዛት እናቋቁም» ብለው ሲነሡ ከእሷ በላይ ደስ ያለው አልነበረም። «ይሄ እዚህ አያልቅም፣ ዋናው ከተማ ነው» የምትለውን ነገር በቀን ሠላሳ ጊዜ ስትናገር ኖራ አፏን መርሯት ነበር። ነገር ግን ለጥያቄው የሚሰበሰበውን ፊርማ የምትመረምረው እሷ ስለሆነች መፈረም አይፈቀድላትም። ስለዚህ ደስታዋን በሆዷ ያዘች።

ሕጉ ከየወረዳው ሁለት ሺህ መራጭ እንዲፈርም ይጠይቃል። ከአምስቱ የአንዱ ከጎደለ የሁሉም ጥያቄ ይወድቃል፤ እንደገና ለመጠየቅ አራት ዓመት መጠበቅ ነው። በእሷ ወረዳ የፊርማ አሰባሳቢዎቹ አለቃ ያው ታላቅ ወንድሟ ነበር። ጭስ ማውጫው በተቀደደ ሞተር ብስክሌት ሦስት ወር ሙሉ አገሩን ሲያደነቁር ከርሞ፣ ጊዜው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የፊርማ ወረቀቶቹን ካርቶን በትከሻው ተሸክሞ መስኮቱ ላይ ደረሰ።

«ቁጠሪው እታለም! ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ሦስት! ትርፍ ሁሉ አለን!»

«እዚህ ቢሮ ውስጥ እታለም የለችም። ተራህን ጠብቅ» አለችው። ከኋላው አንድም ሰው አልነበረምና ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት መነጽሯን ወልውላ የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣች። ተራ ቁጥር አንድ ላይ አባቷ ፈርመዋል።

መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ወንድሟ ከልማዱ ተሳስቶ ይሆናል ብላ። ተራ ቁጥር አራት ላይ ስትደርስ ግን ጡብ ሠሪው ሽማግሌ ፈርመዋል። ጡብ ሠሪው ሲቀበሩ ዝናብ እየደበደባት ቆማ ነበር። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ጎረቤቷ የነበረች ሴት ናት፤ እሷም አፈር ከለበሰች ስድስት ዓመቷ ነው። እትዬ መስኮት ማስመሪያውን ከፊርማው ሥር እያስቀመጠች ወደ ታች መውረዷን ቀጠለች።

ማታለል አልነበረም። ለማጣራት ሁሉንም ሁለት ጊዜ አገላበጠች፤ አንድም ሰው ሁለቴ አልፈረመም። የጥያቄው ወረቀት ላይ «የመሬት ደብተር ቁጥር» የሚል ሳጥን አለ፤ ሰዉ እሱን ሲያይ እጁ የለመደውን ሠራ፣ በቃ። የራሱን ስም ጽፎ ቢፈርም ይቆጠርለት የነበረ ሰው የራሱን ትቶ የአባቱን ፈረመ። በዘጠኝ ቀን ሥራ መጨረሻ የሞቱትን ቆጠረቻቸው፤ መቶ ስልሳ አንድ ሆኑ። የቀረው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሁለት ነበር።

ጉዱ ደግሞ እነዚህ መቶ ስልሳ አንድ ሰዎች መዝገብ ላይ በሕይወት አሉ። ፊርማቸውም መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ብታሳልፋቸው ማንም አይደርስባትም። የቢሮው ኃላፊ እንኳ በበሩ ብቅ ብሎ «መዝገቡ አሉ ካለ አሉ ነው፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ብሏታል። ነገር ግን የምርመራው ቅጽ ግርጌ ላይ «ከላይ የተዘረዘሩት ሰዎች በሕይወት ያሉና በገዛ እጃቸው የፈረሙ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የምትፈርመው እሷ ናት። ሰርዛ ምክንያቱን «ሞተዋል» ብላ ብትጽፍ ደግሞ በማግስቱ መቶ ስልሳ አንድ ደብተር ይታገዳል፤ ያ ሁሉ ማሳ ይደርቃል። ምሳዋን ሳትነካ ቅጹ ላይ አፍጥጣ ዋለች። ለመሰረዣ ከተፈቀዱት ምክንያቶች ውስጥ አራተኛው «ፊርማው የራሱ አይደለም» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ቀይ ብዕሯን አነሣች።

ተራ ቁጥር አንድን፣ የአባቷን ስም፣ ግን ዘልላ ለመጨረሻ አቆየችው። አባቷ ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና ነው፤ ያስተማረቻቸውም ራሷ ናት። የመጨረሻዋን ፊደል ጅራት ወደ ላይ ይሰቅሏት ነበር፤ ወንድሟ ያቺን ጅራት እንኳ ሳይቀር ሰቅሏታል። መስኮቱን ዘግታ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ሰረዘችው።

ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ እኔው ልንገረው ብላ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። ጓሮው ውስጥ የተቀደደ የውኃ ቱቦ እየጠገነ አገኘችውና የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነገረችው።

«ስንት ጎደለ?» አላት።

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት! አሥራ ስምንት ምን አላት? መልሰሽ ጨምሪያት እንጂ!»

«የትኞቹን አሥራ ስምንት ላስነሣልህ?»

«ከአባባ ጀምሪ። ቢኖሩ ቀድመው የሚፈርሙ እሳቸው ነበሩ።»

«ቢኖሩ» አለች።

ወደ ቱቦው ጎንበስ አለና «ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው የሰረዝሻቸው?» ሲል ጠየቃት።

«ፊርማው የራሱ አይደለም ብዬ።»

ብድግ አለ። «አይደለም? የኔ ፊርማ? አሥራ አንድ ዓመት ስፈርመው የውኃ ኮሚቴውን አንድ ቀን አጠራጥሮ ያውቃል? ከአባባ ከራሳቸው እጅ ይበልጣል እኮ!»

በዚያ ጭንቀት መሃል ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። «አይመስልም አላልኩም፣ ጋሼ። የአባባ አይደለም ነው ያልኩት።»

«በደብተሩ ስም ፈርሙ፣ ምን ያስጨንቃችኋል ስትይን የኖርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ቅጹ ግርጌ ላይ በሕይወት ያሉ ይላል፤ እኔ ደግሞ ቀብራቸው ላይ ቆሜ ነበር።»

ወንድሟ ቱቦውን ወረወረው። «በይ ደህና ዋይ። ወንድም ነበረኝ በይ።»

የአምስቱም ወረዳዎች ጥያቄ ወደቀ። አራቱ ሌሎቹ ወረዳዎች እሷ ወረዳ ላይ፣ የእሷ ወረዳ ሰው ደግሞ እሷ ላይ አፉን ከፈተ። «እትዬ መስኮት» የሚለው ስም ቀረና «ቀባሪዋ» አሏት። ሲያገኟት ፊት ይነሷታል፤ ወረቀታቸውን በቀዳዳው ወርውረው ጣራ ጣራ ያያሉ። ማንንም እንዳልቀበረች፣ እንዲያውም ደብተራቸውን እንዳተረፈችላቸው ለማስረዳት አፏን ብትከፍት፣ ያተረፈችው ሁሉ በዚያው ቀን ይታገዳል። ስለዚህ ስድቡን ዋጠችው። የወንድሟ ኩርፊያ ግን አልዋጥ አላት። ሞተር ብስክሌቱ በቢሮው በኩል ባለፈ ቁጥር እጇ ላይ ያለውን ትታ ታዳምጥ ነበር፤ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

በሰባተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ድምፁ ቢሮው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ። ወንድሟ ገባና ከሦስት ሰው ኋላ ተሰለፈ። ተራው እስኪደርስ ድረስ ቀና ብሎ አላያትም።

«ምን ነበር?» አለችው።

«ሞት ላስመዘግብ ነው።»

«የማን?»

«የአባባ።»

«ደብተሩ ይታገዳል እኮ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይታገድ። ዘንድሮ አልዘራሁም፤ ነገ አውቶቡስ እይዛለሁ። አንድ ሰው መጀመር አለበት። እኔ መሬቱን በስሜ አድርጌ ስመለስ ካዩ ሌሎቹም ይመጣሉ፤ በአራተኛው ዓመት ሁሉም በየራሱ ስም ይፈርማል።» ከዚያ ቀስ ብሎ «ስለ ደብተሩ ዘግይቼ ነው የገባኝ፣ እታለም። ሞተዋል ብለሽ ጽፈሽ ቢሆን ሁላችንም አልቆልን ነበር» አላት።

ቅጹን አውጥታ የሟችን ስም ሳትጠይቀው ጻፈች።

«የሞቱበት ቀን?»

«ታውቂው የለ?»

«መዝጋቢዋ እኔ ነኝ፤ የሚናገረው አስመዝጋቢው ነው።»

ቀኑን ነገራት፣ ሰዓቱንም ጨምሮ። ጽፋ ስትጨርስ ቅጹን በቀዳዳው አሳለፈችለትና «እዚህ ጋ ፈርም» አለችው። ወዲያው ፈርሞ መለሰላት። እትዬ መስኮት ወረቀቱን አዙራ አየች፤ ደግማም አየች። የመጨረሻዋ ፊደል ጅራት ወደ ላይ ተሰቅላለች።

«ጋሼ» አለች፣ «አባባ የራሳቸውን ሞት ራሳቸው መጥተው አስመዘገቡ እኮ።»

ወንድሟ ወረቀቱን አየና ሳቁ አፈነው። ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደግፎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከኋላ የተሰለፉት ምን ነካቸው እያሉ እርስ በርስ ተያዩ። ሳቁ መቼ ልቅሶ እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም።

ሌላ ቅጽ ሰጠችው። ብዕሩን ይዞ ከወረቀቱ በላይ አየር ላይ ቀረ። «የኔ እንዴት ነበር?» አላት፤ ቀልዱን አልነበረም። «እጄ ረሳው።»

ተነሥታ ወደ ብረት ሣጥኑ ሄደች፤ የሚያስቸግረውን ሦስተኛ መሳቢያ በጉልበቷ ጎትታ ከፈተችና ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የተጻፈ የጋብቻ መዝገብ አወጣች። የእሱን ገጽ ከፍታ መስታወቱ ላይ ለጠፈችለት። ወንድሟ አንዴ መዝገቡን፣ አንዴ ወረቀቱን እያየ፣ ከጥቁር ሰሌዳ እንደሚገለብጥ ተማሪ የገዛ ስሙን ፊደል በፊደል ገለበጠ።

እትዬ መስኮት ሁለቱን ፊርማዎች ጎን ለጎን አድርጋ እንደ ሥራዋ መረመረች። አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ እጅ ነው፤ ሁለተኛው ይንቀጠቀጣል፣ መሃሉም ላይ ቀለም ፈሶበታል። በደንቡ ከሆነ መሰረዝ ነበረባት። ሲፈርም ግን በዓይኗ አይታለችና ማህተሙን መታችበት።